ማዕረግ መጀመሪያ

ኮምፒውተር የሚባለውን ነገር በዓይኔ ከማየቴ በፊት ሥራውን የተማርኩት አስመራ ውስጥ፣ ገጀረት ሰፈር፣ ከአንድ የውሃ ቦቴ ኋላ ቆሜ ነው። ይህን ስናገር ልጆቼ ይስቃሉ። እኔ ግን ቀልድ አልችልበትም፤ የማወራው የሆነውን ነው።

ጊዜው ፌዴሬሽኑ ፈርሶ አገራችን ጠቅላይ ግዛት ከተባለች ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ስሜ ኪዳነ ይባላል። ያኔ ሚስት የሌለኝ፣ ልጅ የሌለኝ፣ ጤነኛ ወጣት ነበርኩ። አማርኛ የተማርኩት በትምህርት ቤት ነው፤ ሐ እና ዐ ከጉሮሮዬ ሲወጡ የሸዋ ሰዎች የሚያመኝ ይመስላቸውና «ማር በሎሚ ጠጣበት» ይሉኝ ነበር። የምኖረው አደይ ለተብርሃን (አደይ እማማ እንደማለት ነው) ከሚባሉ ባልቴት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። አደይ ለተብርሃን በሰፈሩ የታወቁ አስታራቂ ናቸው። ዘዴያቸው ቀላል ነበር፤ ለሁለቱም ወገን «እሺ» ይላሉ።

ሥራዬ ካርድ የሚደረድር ማሽን ማንቀሳቀስ ነበር። የአንድ ትልቅ ድርጅት ደንበኞች እያንዳንዳቸው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ካርድ አላቸው፤ ማሽኑ ቀዳዳውን እያየ ካርዶቹን በየሳጥናቸው ይጥላል። ይህ ማሽን አንድ ጠባይ ነበረው፤ በአንድ ዙር የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው። ለምሳሌ «በሰፈር ደርድር፣ በየሰፈሩ ውስጥ ደግሞ በስም ተራ ይሁን» ብትባል፣ ማንም ሰው የሚያደርገው መጀመሪያ በሰፈር መለየት ነው። እንደዚያ ካደረግህ ግን ማሽኑ ቀጥሎ በስም ሲደረድር ሰፈሩን ይበታትነዋል። ስለዚህ የሚሠራው በግልባጩ ነው። መጀመሪያ በስም፣ ቀጥሎ በሰፈር። ሰፈራቸው አንድ የሆነ ካርዶች አስቀድመው የያዙትን የስም ተራ ሳይለቁ ይወርዳሉ። አለቃዬ ሲኞር ብሩኖ፣ አስመራ ተወልዶ አስመራ ያረጀ ጣሊያናዊ፣ ሥራውን ሲያስተምረኝ «መጨረሻ የደረደርክበት ነው የሚገዛው» አለኝ። ከዚህ ሌላ ምንም አላስተማረኝም። ሌላ የሚያስፈልግም አልነበረም።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀረ። የቧንቧ ውሃ መጀመሪያ በቀን አንድ ጊዜ፣ ቆይቶ በሳምንት አንድ ጊዜ መጣ፤ በኋላም ቧንቧው ሲከፈት አየር ብቻ እያፏጨ ይወጣ ጀመር። ውሃ በቦቴ ይመጣል ተባለ። ቦቴው ገጀረት የደረሰው አንድ እሑድ ጠዋት፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ነው። ሴቶቹ ግን ገና ጎህ ሳይቀድ ጀምሮ ታኒካቸውን፣ ማለት የውሃ ጀሪካናቸውን፣ በአንድ ቪላ አጥር ሥር ደርድረው፣ ከቅዳሴም ቀርተው እየጠበቁ ነበር።

ሾፌሩ ሰዒድ ይባላል፤ የወሎ ሰው ነው። ከመኪናው ወርዶ የውሃውን ጎማ ከመዘርጋቱ በፊት የተሰለፈውን ታኒካ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ወገኖቼ፣ ወላሂ ለሁሉ አይበቃም» አለ። «በመንገድ ላይ ሁለት ሰፈር አጠጥቼ ነው የመጣሁት። ስለዚህ የታመመ ያለበት ቤት ይቅደም።»

በሰልፉ ላይ ምሕረት የምትባል ጎረቤታችን ነበረች። ጨቅላዋ ተቅማጥ ይዞት ለቀናት ሲያለቅስ ከርሞ አሁን ማልቀሱን ትቶ ነበር፤ ይህ ደግሞ ከማልቀሱ የባሰ ነው። ምሕረት ታኒካዋን ይዛ ወደ ፊት ሄደች። ሌሎች የታመመ ያለባቸውም ተከተሏት። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው፤ ፍርዱ ትክክል ነበርና።

ሰዒድ ግን ደግ ሰው ነው፤ የደግ ሰው ችግር ደግሞ አንድ ደግነት የማይበቃው መሆኑ ነው። «እሺ፣ አሁን ደግሞ ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ ወደ ፊት!» አለ። ትንንሽ ልጅ የሌለው በገጀረት ማን አለ? ሴቶቹ እየተጋፉ ወደ ፊት ጎረፉ። ምሕረት ልጇን አዝላ እንዴት ትጋፋ? ግፊያው ሲያበቃ ከሰልፉ መሃል ተገኘች።

ከዚያ ጩኸት ሆነ። «የታመመ ይቀድማል ተብሏል!» ትላለች አንዷ። «ልጅ ያለው ይቅደም ያለው ማን ነው ታዲያ?» ትላለች ሌላዋ። ከጎህ በፊት የመጣች አንዲት ሴት ደግሞ «እኔ ልጅም በሽተኛም የለኝም፤ ቀድሜ መምጣቴስ ኃጢአት ነው?» እያለች ታኒካዋን በእጇ ትደበድባለች። ሰዒድ ጎማውን እንደያዘ ቆሟል። የአንዷን ታኒካ ቢሞላ የሌላዋ ታኒካ አናቱ ላይ እንደሚያርፍ ያውቃል።

እኔ አንዲት ታኒካ ይዤ ከኋላ ቆሜ ነበር። ሰው ሲጣላ የማየት ፍላጎት ኖሮኝ አያውቅም። ግን ነገሩን ሳየው አወቅሁት። ሰዒድ ያደረገው እኔ ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት ካርዶቹ ላይ ያደረግሁትን ነው። የሚበልጠውን ደንብ አስቀደመ፣ የሚያንሰው መጥቶ በተነበት።

«አደይ ለተብርሃን» አልኩ፣ አጠገቤ ቆመው ነበርና፣ «በግልባጩ ቢያደርጉት እኮ ይስተካከላል።»

«ምኑን?»

«መጀመሪያ በመጡበት ተራ ይሰለፉ። ቀጥሎ ልጅ ያላቸው እርስ በርስ ሳይቀዳደሙ ወደ ፊት ይውጡ። መጨረሻ ላይ የታመመ ያለባቸው፣ እነሱም እንደዚያው።»

አደይ ለተብርሃን ያላሰብኩትን አደረጉ። እጄን ይዘው እየጎተቱ ቦቴው ፊት አቆሙኝና በትግርኛ ጮኹ፤ «ስሙ! ይህ ልጅ የማኪና ሰው ነው! እሱ ይሰልፈን!»

ሕዝቡ አየኝ። በትግርኛ ማኪና ማሽንም መኪናም ነውና፣ ሾፌር ማለታቸው መስሏቸው ግማሾቹ ሰዒድን አዩት። ሰዒድ ጎማውን አስረከበኝ ማለት ይቻላል፤ «አቦ ውሰደው፣ እኔ እቀዳለሁ እንጂ አልፈርድም» አለኝ።

ልጀምር ስል ነው ወልዴ የመጣው።

ከመንገዱ ማዶ ባለው ትልቅ ቪላ አንድ ግራዝማች ይኖሩ ነበር። ከመሃል አገር ተሹመው የመጡ፣ ዝምተኛ፣ ከሰፈሩ ሰው ጋር ሰላምታ እንጂ ወሬ የሌላቸው ሰው ናቸው። ወልዴ አሽከራቸው ነው። በጋሪ ላይ በርሜል ጭኖ፣ ዱላውን በብብቱ ይዞ፣ ሰልፉን በጎን አልፎ ቀጥ ብሎ መጣ።

«የግራዝማች ውሃ ይቀዳል» አለ።

«ተሰለፍ!» አለች አንዷ።

«ግራዝማች አይሰለፉም።»

«ግራዝማች የት አሉ? እኛ የምናየው አንተን ነው!»

ወልዴ ዱላውን ከብብቱ አወጣ። አልሰነዘረም፤ አወጣው ብቻ። ያኔ ይህ ይበቃ ነበር። ከአንድ ሹም አሽከር ጋር የተጣላ ሰው ነገሩ የት ሄዶ እንደሚያበቃ አያውቅም፤ ለምን እንደታሰረ ሳይነገረው የከረመ ሰው በየሰፈሩ ነበር። ጩኸቱ ቀጥ አለ።

«እየደረደርክ ነው አሉ» አለኝ ወደ እኔ ዞሮ። «በምን በምን ነው የምትደረድረው?»

«በሕመም፣ በልጅ፣ በመምጫ ሰዓት።»

«ማዕረግስ?»

ዱላውን እያየሁ ቆምኩ። ምላሴ ደርቆ ነበር፤ ውሃ ስላልነበረም ጭምር።

«ማዕረግ መጀመሪያ!» አለ ወልዴ። «ከሁሉም በፊት፣ መጀመሪያ በማዕረግ ትደረድራለህ። ገባህ?»

አደይ ለተብርሃን እንደ ልማዳቸው ጣልቃ ገቡ። «እሺ በለው፣ ወደይ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «መጀመሪያ ይሁንለት። ጠብ አንፈልግም።»

እሺ ልል አፌን ከፈትኩና እንደተከፈተ ቀረ። መጀመሪያ። ወልዴ የጠየቀኝ መጀመሪያ በማዕረግ እንድደረድር ነው። የሲኞር ብሩኖ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ መጣ፤ መጨረሻ የደረደርክበት ነው የሚገዛው።

«እሺ» አልኩት ለወልዴ። «መጀመሪያ በማዕረግ እደረድራለሁ።»

«በሰው ፊት ነው የተናገርከው።»

«በሰው ፊት ነው።»

ዋሽቻለሁ? አልዋሸሁም። እስከ ዛሬ አስቤበታለሁ፤ አንዲት ቃል ሐሰት የለበትም።

«ማዕረግ ያለው ወደ ፊት!» ብዬ ጮኽኩ። ወልዴ በርሜሉን እየገፋ ከሁሉም ፊት ቆመ። ሴቶቹ አጉረመረሙ፤ አደይ ለተብርሃን በዓይናቸው ዝም አሰኟቸው። «ሌላ ማዕረግ ያለው አለ?» ስል አንድ ሽማግሌ ታኒካቸውን አንስተው ወጡ።

«በጣሊያን ጊዜ ሹምባሽ ነበርኩ» አሉ።

ወልዴ ከላይ እስከ ታች አያቸው። «የጣሊያን ማዕረግ አይቆጠርም።»

«ጥይቱ ግን ይቆጠር ነበር» አሉ ሹምባሽ። ከወልዴ ኋላ አቆምኳቸው።

ማዕረግ በዚሁ አለቀ። ወልዴ በርሜሉን ከጎማው ሥር አስተካክሎ ዱላውን ወደ ብብቱ መለሰ።

«አሁን በመምጫ ሰዓት» አልኩ።

ማን መቼ እንደመጣ እኔ አላውቅም ነበር። ማወቅም አላስፈለገኝም። ማሽኑ ጋ ከተማርኩት ሁሉ ትንሿና ጠቃሚዋ ነገር ይህች ናት፤ ሁሉን ለመደርደር ሁሉን ማወቅ የለብህም፣ ሁለት ሁለቱን እያስተያየህ «ከእነዚህ ማን ይቀድማል?» ማለት ይበቃል። ሁለት ሴቶች አቀርባለሁ። «ማን ቀደመ?» «እሷ ናት።» እሷ ወደ ፊት። ቀጥሎ ሌሎች ሁለት። ጠብ ውስጥ የነበሩት ሴቶች በዚህ ጥያቄ ላይ አንዷም አልዋሸችም፤ የጎረቤት ዓይን እያየ ማን ይዋሻል?

ወልዴ ጋ ስደርስ አጠገቡ ያለችውን ሴት ጠየቅኋት። «አንቺ ነሽ ወይስ እሱ የቀደመው?» «ኧረ እኔ ነኝ! እሱ አሁን አይደለም እንዴ የመጣው?» ወልዴን ወደ ኋላ አሳለፍኩት። ቀጥላ ካለችውም ጋር እንዲሁ። ከእሷም ኋላ ካለችው ጋር።

«ምንድን ነው ይህ?» አለ ወልዴ።

«እየደረደርኩ ነው።»

«ማዕረግ መጀመሪያ ተብሎ አልነበረም?»

«መጀመሪያ የተደረደርከው አንተ ነህ። ሁሉም አይቷል።»

«አይቻለሁ» አለች አንዷ። «ሓቂ እዩ» ብለው አጸኑት አደይ ለተብርሃን በትግርኛ፣ ምስክር እንደሚሰጥ ሰው ፊታቸውን ኮስተር አድርገው።

ወልዴ ተምታታበት። ደንቡ ውስጥ ገብቷል፣ ያውም እንደጠየቀው በመጀመሪያ፤ ታዲያ ለምን ወደ ኋላ እንደሚሄድ ሊገባው አልቻለም። «ገና ነው?» አለኝ። «ገና ነው» አልኩት። ሥራው አልቆ ወደ ፊት የሚመለስ መስሎት በርሜሉን ይዞ ጠበቀ። ሹምባሽ ከፊቱ ሆነው ዞር አሉና «አይዞህ፣ የእኔም ሹመት አጭር ነበር» አሉት።

ቀጥሎ ትንንሽ ልጅ ያላቸውን ወደ ፊት አወጣሁ፤ በመምጫቸው ተራ እንዳሉ፣ አንዷ ሌላዋን ሳታልፍ። መጨረሻ ላይ «በቤቱ የታመመ ያለበት እጁን ያውጣ» አልኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ በትግርኛም በአማርኛም አልኩት። ያወጡት ሁሉ ወደ ፊት መጡ። ምሕረት ከሁሉም ፊት ቆመች፤ ትንሽ ልጅም የታመመም ካላቸው ሁሉ ቀድማ መጥታ ነበርና። ማንም አልተቃወመም፤ እያንዳንዷ ሴት ከፊቷ ያለችው ለምን ከፊቷ እንደሆነች ታውቅ ነበር። ሰልፍ ማለት ይህ ነው፤ ሌላው ተርታ መቆም ነው።

ሰዒድ ጎማውን ከፈተ። የመጀመሪያው ውሃ የምሕረት ታኒካ ውስጥ ሲወርድ የሰማሁት ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። «የቐንየለይ» አለችኝ አመስግና፣ እዚያው ቆማ በእፍኟ የልጁን ከንፈር አረጠበች። ልጁ ምላሱን አንቀሳቀሰ። አደይ ለተብርሃን በነጠላቸው አፍንጫቸውን ጠረጉ።

ውሃው እየቀጠነ ሄደ። ሹምባሽ ሲቀዱ ሰዒድ ቦቴውን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ አዳመጠ። እኔ ልጅም በሽተኛም የሌለኝ፣ ዘግይቼም የመጣሁ ስለሆንኩ በራሴ ደንብ ከመጨረሻው አንድ ብቻ ቀድሜ ነበር። ታኒካዬ ግማሽ ላይ ሲደርስ ጎማው ሁለት ጊዜ አሳለና ቆመ።

ወልዴ ከኋላዬ ነበር። በርሜሉ ባዶ።

ዱላውን ይጠቀምበታል ብዬ ትከሻዬን ሰብስቤ ጠበቅሁ። እሱ ግን ጋሪው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። ዱላው ከብብቱ ወድቆ መሬት ላይ ተንከባለለ፤ አላነሳውም።

«እትዬ ታመዋል» አለኝ በዝግታ።

«ማን?»

«የግራዝማች ባለቤት። ትኩሳቱ ካነደዳቸው ሰንብቷል። ሐኪሙ ገላቸውን በእርጥብ ጨርቅ እያበረዳችሁ፣ ውሃም ደጋግማችሁ ስጡ ብሎ ነበር። ከትናንት ጀምሮ ቤት ውስጥ ጠብታ የለም።»

«የታመመ ያለበት ስል ለምን እጅህን አላወጣህም?»

«ለሰው እንዳትናገር ተብያለሁ። ግራዝማች ቤታቸው በሽታ ገባ ተብሎ እንዲወራ አይፈልጉም።» መሬት መሬት እያየ ቀጠለ። «ደግሞ የግራዝማች ስም የሚበቃ መስሎኝ ነበር።»

በሕመም ደንብ፣ ማለቴ ከሁሉም በሚበልጠው፣ ቦታው ፊት ነበር። ለወልዴ በርሜል ከምሕረት ኋላ ቦታ ነበረው፤ ዱላም ማዕረግም ሳያስፈልገው። ዞሬ ለአደይ ለተብርሃን ነገርኳቸው፤ እሳቸው ደግሞ ሳይጮኹ መናገር ስለማይችሉ ለሰፈሩ ሁሉ ነገሩ።

ሴቶቹ ከነታኒካቸው እየሄዱ ነበር፤ ቆሙ። አንዷ «ምነው ቀድሞ ቢናገር!» አለች። ሌላዋ ምንም ሳትል ተመልሳ ታኒካዋን አንስታ በርሜሉ ውስጥ ትንሽ አፈሰሰች። ይህች «ልጅም በሽተኛም የለኝም፤ ቀድሜ መምጣቴስ ኃጢአት ነው?» ያለችው ናት። ቀጥላ ሌላ መጣች። ከዚያ ሁሉም መምጣት ጀመሩ፤ ግር ብለው።

«ቆይ ቆይ!» አልኩ። «እንደርድር። መጀመሪያ ብዙ ውሃ ያላቸው...»

«ስቕ በል!» አሉኝ አደይ ለተብርሃን፤ ዝም በል ማለታቸው ነው። «ለመስጠት ሰልፍ አያስፈልግም።»

ታኒካዬን አንስቼ እኔም አፈሰስኩ። ወልዴ በርሜሉን እየገፋ ሲሄድ ውሃው እየተንቦጫረቀ ጋሪውን ያርሰው ነበር፤ በየመንገዱ ቆሞ የፈሰሰውን ያያል፣ ይገፋል፣ ደግሞ ይቆማል። ዱላውን ረስቶት ሄደ። ሹምባሽ አንስተው ይዘውለት ተከተሉት።

ሰዒድ ጎማውን እየጠቀለለ ጠራኝ። «ማዶ ጥራቮሎ ሰፈር ደግሞ ነገ አለብኝ» አለ። «እዚያ ሽማግሌ ይበዛል። ያንተን ደንብ ልወስደው ነው፤ ዕድሜን ጨምሬ ከሕመም ቀጥሎ ባስገባው ይበላሻል?»

«አይበላሽም» አልኩት። «እያንዳንዱ ደንብ ራሱን የቻለ ነው። መጨመርም ቦታ ማቀያየርም ትችላለህ። ብቻ ከሚያንሰው ጀምር።»

«ከሚያንሰው ጀምር» አለ እየደጋገመ፣ መንገድ እንደተነገረው ሰው።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል ወልዴ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ዱላ አልያዘም። «ግራዝማች ይፈልጉሃል» አለኝ። አደይ ለተብርሃን ሹራቤን አምጥተው አስለበሱኝ። ጊዜው ሞቃት ነበር፤ እስር ቤቱ ግን ይበርዳል ይባላል።

ግራዝማች በረንዳቸው ላይ ሻሂ ይዘው ተቀምጠዋል። እንድቀመጥ አላሉኝም።

«ትናንት ማዕረጌን ደርድረህልኛል አሉ» አሉ።

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«መጀመሪያ።»

«መጀመሪያ፣ ጌታዬ።»

ሻሂያቸውን ፉት አሉ። ብዙ ሰው ይህን ነገር ለማስረዳት ካርድ ዘርግቼ ደክሜበታለሁ። እሳቸው ግን ብርጭቆውን ሳያስቀምጡ «አስቀድሞ የተደረደረው መጨረሻ የሚቆጠረው ነው፤ አይደለም?» አሉ።

መካድ አልቻልኩም። «አዎ፣ ጌታዬ። ከእሱ በሚበልጡት ደንቦች ሁሉ እኩል የሆኑ ሁለት ሰዎች ሲገኙ ያኔ ማዕረግ ይፈርዳል።»

«በመምጫ ሰዓት እኩል የሆኑ ሁለት ሰዎች ነበሩ?»

«አልነበሩም።»

«ስለዚህ ማዕረጌ እዚያው ቆሞ ነበር፤ የሚጠይቀው ሰው ግን አልመጣም።»

«አልመጣም፣ ጌታዬ።»

ወልዴ በሩ ጋ ቆሞ ጣሪያ ያያል። «ይህን ማን አስተማረህ?» አሉኝ።

«ማሽን።»

ያኔ የሳቁ መሰለኝ። እርግጠኛ አይደለሁም፤ ጺማቸው ብዙ ነበር። «ባለቤቴ ሌሊቱን ትኩሳቷ በረደ» አሉ፣ ስለ አየር ጠባይ እንደሚናገር ሰው። «የሰፈሩን ሰው አመስግንልኝ። እኔ ስወጣ ይሸሹኛል።» ብርጭቆውን አስቀመጡ። «አዲስ አበባ ይህን መሳይ ሥራ የሚሠራ አዲስ ማሽን ሊገባ ነው፤ ሰው እየፈለጉ ነው። ስምህን አስተላልፋለሁ። አንተን የመሰለ ሰው አስመራ ውስጥ ማስቀመጥ ጥሩ አይደለም።»

ሽልማት ይሁን ማባረር እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ሲኞር ብሩኖን ስጠይቀው «ሁለቱም ነው፤ መጨረሻ የቱ እንደሚመጣ ተመልከት» አለኝ።

አዲስ አበባ ሄድኩ። የቀረው ዕድሜዬ በዚያ ሥራ አለቀ፤ በኋላ ካርዱ ቀርቶ ትእዛዝ የሚጻፍለት ማሽን ሲመጣም እኔ እዚያው ነበርኩ። ሕመምን ከሕመም፣ ዕድሜን ከዕድሜ፣ ሰዓትን ከሰዓት የሚያስተያዩ ትንንሽ ደንቦች ለየብቻ እጽፋለሁ፤ ከዚያ እንደ ጉዳዩ እቀጣጥላቸዋለሁ። ለሆስፒታል አንድ ዓይነት፣ ለትምህርት ቤት ሌላ ዓይነት። አንዴ በትክክል የተጻፈ ትንሽ ደንብ ደግሞ አይጻፍም፤ ቦታው ብቻ ይቀያየራል። ያስተማርኳቸው ወጣቶች ይህን በአንድ ጠዋት ይይዙታል። እናንተም አሁን ይዛችሁታል።

እናንተን አንባቢዎቼን ግን ለዚህ ብዬ አይደለም ያቆምኳችሁ። አስመራን ልለቅ ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ የግራዝማች ቪላ በር ተከፈተ። አንዲት ሴት ነጠላ ተከናንበው፣ ወልዴ ክንዳቸውን ደግፏቸው ቆመዋል። ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም፤ ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደጅ መውጣታቸው ነበር።

«የደረደርከው አንተ ነህ?» አሉኝ።

«አዎ፣ እመቤቴ።»

«እኔ ስንተኛ ነበርኩ?»

ይህን ጥያቄ ማሽንም ሲኞር ብሩኖም አላስተማሩኝም። «እርስዎ ሰልፉ ውስጥ አልነበሩም፣ እመቤቴ» አልኩ። «መታመምዎን የነገረኝ የለም።»

እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የተቆጡ አይመስሉም። የወልዴን ክንድ ለቀው በሩን በራሳቸው እጅ ያዙት።

«ሌላ ጊዜ፣ ልጄ፣ ከመደርደርህ በፊት በሩን አንኳኳ» አሉኝ።

አዲስ አበባ በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት አዲሱ አለቃዬ አንድ ሣጥን ካርድ ሰጥቶኝ እንድደረድር አዘዘኝ። ካርዳቸው ሣጥኑ ውስጥ ያልገባ ሰዎች ይኖሩ እንደሆን ጠየቅሁት። ከሣጥኑ ውጭ ያለ ሰው እኛን እንደማይመለከት ነገረኝ። ሹራቤን ለበስኩና በር እያንኳኳሁ ልጠይቅ ወጣሁ።